«ሃድ ኦልሬዲ ሌፍት» ወይስ «ሃድ ሌፍት ኦልሬዲ»? የተውሳከ ግስ ቦታ

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ነው የምሠራው። የሚገባና የሚወጣ መኪና እመዘግባለሁ። ፈረቃዬ ሲያልቅ በእንግሊዝኛ አጭር ሪፖርት እልካለሁ። ሰሞኑን «ዘ ትራክ ሃድ ሌፍት አት ሲክስ» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። አለቃዬ የውጭ ሰው ነው። «የወጣው በዚያ ሰዓት ነው ወይስ በዚያ ሰዓት ከወጣ ቆይቷል?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም። ጓደኛዬ ደግሞ «ኦልሬዲ ጨምርበትና ገላግለው» አለኝ። እሺ፣ የት ልጨምረው? ከሃድ በፊት? ከሃድ በኋላ? መጨረሻ ላይ? እኔ ሳነበው ሁሉም ልክ ይመስለኛል።

መምህር፣ ከደሴ

አብሽር ወንድሜ። አለቃህ የጠየቀህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

ቀላሉን ላስቀድም። እንግሊዝኛ ተውሳከ ግሶችን፣ ማለትም ግስን የሚያብራሩትን እነ ኦልሬዲን፣ ጀስትን፣ ኔቨርን፣ ኦልዌይስን፣ ከመጀመሪያው ረዳት ግስ ቀጥሎ ነው የሚያስቀምጣቸው። ስለዚህ «ዘ ትራክ ሃድ ኦልሬዲ ሌፍት»። ሃድ ረዳቱ ነው፣ ሌፍት ዋናው ግስ፣ ኦልሬዲ ደግሞ መሐላቸው። «ሃድ ሌፍት ኦልሬዲ» ስህተት አይባልም፤ ግን የወሬ ቃና አለው። ለሪፖርት አልመርጠውም። «ኦልሬዲ ሃድ ሌፍት» የሚሉም አሉ፤ ሃድን አጥብቀው ሲጠሩት ይሰማል። አንተ ግን ተወው።

ረዳቶቹ ሁለት ቢሆኑም ሕጉ ያው ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፣ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ይህን በእንግሊዝኛ ብትጽፍ፣ ሲማረኩ «ሃድ ኦልሬዲ ቢን ክራውንድ» ትላለህ። ኦልሬዲ የገባው በሃድና በቢን መሐል ነው።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚደናቀፍበት ምክንያት አለው። በአማርኛ «ሄዶ ነበር» መሐል ምንም ነገር አይገባም። «ቀድሞ ሄዶ ነበር» እንላለን። «ሄዶ ቀድሞ ነበር» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሩቅ ኃላፊያችን ሁለት ቃል ይሁን እንጂ አንድ ላይ የተሰፋ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሃድንና ሌፍትን መለያየት ያሳዝናቸዋል። ተውሳከ ግሱን ወይ ፊት ይወረውሩታል፣ ወይ ጅራት ያደርጉታል።

አኳኋን የሚናገረው ዓይነት ትንሽ ይለያል። «ዘ ጋርድ ሃድ ኬርፉሊ ቼክድ ዘ ፔፐርስ» ይሆናል። «ሃድ ቼክድ ዘ ፔፐርስ ኬርፉሊ» ም ይሆናል። «ሃድ ቼክድ ኬርፉሊ ዘ ፔፐርስ» ግን አይሆንም። እንግሊዝኛ በግሱና በተሳቢው መሐል ሰው ሲገባበት አይወድም።

ወደ አለቃህ ልመለስ። ሃንስ ራይሸንባኽ የሚባል ጀርመን ተወላጅ ፈላስፋ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ነገር በሦስት ነጥብ አስቀምጦታል። አንዱ የምትናገርበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ድርጊቱ የተፈጸመበት። ሦስተኛው ቆመህ የምታይበት ጊዜ ነው። በአንተ በር ላይ እንየው። ሪፖርቱን የምትጽፍበት ጊዜ አለ። መኪናው በሩን ያለፈበት ጊዜ አለ። ደግሞ፣ ለምሳሌ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ መኪናውን ያጣበት ጊዜ አለ። ፓስት ፐርፌክት፣ ማለትም ይህ በሃድ የሚሠራው የእንግሊዝኛ ሩቅ ኃላፊ፣ ሦስቱንም ለያይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። ታዲያ «አት ሲክስ» የማን ሰዓት ነው? የመኪናው ነው ወይስ የሱፐርቫይዘሩ? አለቃህ የጠየቀህ ይህንን ነው።

ቦታ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። «አት ሲክስ፣ ዘ ትራክ ሃድ ኦልሬዲ ሌፍት» ብለህ ሰዓቱን ፊት ብታመጣው የሱፐርቫይዘሩ ሰዓት ይሆናል። እሱ ሲደርስ መኪናው የለም። መጨረሻ ላይ ስታስቀምጠው የመኪናው ሰዓት ነው።

ተርጓሚ፣ ከደሴ

መምህር፣ በመጨረሻዋ ነገር ላይ አልስማማም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊት ሲመጣ እንዳሉት ነው። መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን ሁለቱንም ይችላል። ለዚህ እኮ ነው አለቃው ግራ የገባው። እንደዚያ ባይሆን ምን ያስጠይቀዋል? ዐረፍተ ነገሩ ብቻውን አይወስንም፣ ከፊቱ ያለው ነው የሚወስነው። እኔ ብሆን «አት»ን ትቼ «ባይ ሲክስ» እል ነበር። «ባይ ሲክስ፣ ዘ ትራክ ሃድ ሌፍት» ካለ ክርክር የለም። በዚያ ሰዓት ሄዷል፣ መቼ እንደሄደ አልተነገረም።

ደግሞ ሌላ የምታዘበው አለ። የእኛ ሰው ፓስት ፐርፌክት ይወዳል። «ትናንት ደውዬልህ ነበር» እንላለን አይደል? ይቺን ይዘን «አይ ሃድ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» እንላለን። እንግሊዛዊው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጠብቃል። ከኋላዋ ሌላ ያለፈ ድርጊት መምጣት አለበት ብሎ ነው። ምንም አይመጣም! የእኛ «ነበር» ከሌላ ድርጊት መቅደምን ብቻ አይደለም የሚነግረው። «ደውዬ ነበር» ስል «አላነሳህም» የሚል ወቀሳ አለበት። «ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር» ስል ተመልሻለሁ ማለቴ ነው። ለዚህ ሁሉ እንግሊዝኛው ተራውን ኃላፊ ነው የሚጠቀመው።

መምህር፣ ከደሴ

«ባይ»ን ተቀብያለሁ። ስለ መጨረሻውም ልክ ነሽ። «ብዙ ጊዜ የመኪናው ሰዓት ነው» ልበልና እንታረቅ። «ነበር» ላይ ያልሽው ግን ለዚህ ልጅ ዋናው ነው። ወንድሜ፣ መኪናው በዚያ ሰዓት ወጣ ለማለት ብቻ ከሆነ ሃድን ጨርሶ አውጣው። «ዘ ትራክ ሌፍት አት ሲክስ»። አለቀ። ሃድን የምትጠራው ከመውጣቱ በኋላ የሆነ ሌላ ነገር ስትተርክ ብቻ ነው።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ያን ዕለት ሱፐርቫይዘሩ የመጣው መኪናው ከወጣ በኋላ ነበር። ሁለተኛው መኪና ደግሞ ገና አልደረሰም ነበር። አሁን እንዲህ አስተካከልኩት። «ዘ ፈርስት ትራክ ሌፍት አት ሲክስ። ዌን ዘ ሱፐርቫይዘር ኬም፣ ዘ ሰከንድ ትራክ ሃድ ስቲል ኖት አራይቭድ»። ስቲልን እንደ ሕጉ ከሃድ ቀጥሎ አደረግኩት።

ተርጓሚ፣ ከደሴ

የመጀመሪያው ጥሩ ሆኗል። ስቲል ግን አመጸኛ ነው። አፍራሽ ዐረፍተ ነገር ላይ ከረዳቱ መቅደም ይወዳል። «ስቲል ሃድ ኖት አራይቭድ» በለው። ካልፈለግከው ደግሞ «የት» (yet) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ ተጠቀም፣ «ሃድ ኖት አራይቭድ የት»። ሁለቱም በእኛ «ገና» ናቸው፤ ግን ስቲል ውስጥ መሰላቸት አለበት፣ እስካሁን እንዴት አልመጣም የሚል። ለሪፖርት «የት» የሚለው ይሻልሃል። ሾፌሩ ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ በነገር አትውጋው።