እናቴን ምን ብዬ ላሳምናት?

ሰላም የድሬ ልጆች። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። የኮቪድ ክትባት በ2013 ሲመጣ የአስትራዜኔካን የመጀመሪያ ዙር ወሰደች። ሌሊቱን ብርድ ብርድ እያላት ስትንቀጠቀጥ አደረች፤ በሁለተኛው ቀን ለቀቃት። ለሁለተኛው ዙር ግን ወይ ፍንክች!

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ዘንቦ ትኩሳት በተነሳባት ቁጥር፣ በእሷ ቤት «ያ መርፌ ነው የሚቀሰቀስብኝ»። ሰኞ ደግሞ ጀመራት። ከዓይኗ ኋላ ይወጋታል። መገጣጠሚያዋ ተይዞ ጀበና ማንሳት እንኳ አቃታት። ሳል የለ፣ ጉንፋን የለ። እኔ ደንጊ (ያ በትንኝ የሚተላለፈው ትኩሳት) ወይም ወባ ነው ባይ ነኝ። ውሃ ስለሚጠፋ ጓሮ በርሜል አለን፤ ክዳኑ ከተሰበረ ሰነባብቷል። ትናንት ጎንበስ ብዬ ሳይ የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። ደፋሁት። የጎረቤት ሦስት በርሜል ግን እዚያው ነው።

ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት «ደግሞ ልትወጉኝ?» ትላለች። ለእሷ ለምርመራ ደም መስጠትና መከተብ አንድ ነው። እኔም ተከትቤ ክንዴን ብቻ ነው ያመመኝ ስላት «አንተ ወጣት ነህ» ብላ ዘጋችኝ። ጎረቤት አስፕሪን ይዛ መጣች፤ ደንጊ ከሆነ ያደማል ብዬ መለስኩት። ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሰጠኋት።

እንዲህ ያለች እናት ያላችሁ በምን አሳመናችኋት? ሳቢያን አካባቢ ቤት መጥቶ ደም የሚወስድ ባለሙያስ ታውቃላችሁ? ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ደንጊ ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው የሚያስፈራው።