የተመዘዘ ኤቼቬሪያን ስለ መቁረጥና ከተቆረጠ በኋላ ስላለው እንክብካቤ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ፤ በረንዳዬ ላይ ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ ዙሪያውን ተደራርቦ የሚወጣ ሱኩለንቶች (ውሃ በወፍራም ቅጠላቸው የሚያጠራቅሙ ተክሎች) አሉኝ። አብዛኞቹ ኤቼቬሪያ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን ቅርንጫፍ የሚያወጣና ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ቅጠል ያለው ኤኦኒየም ነው። ክረምቱ ሲወጣ የኤቼቬሪያዎቹ ግንድ ረዝሞ፣ የታችኛው ቅጠላቸው ረግፎ፣ አናታቸው ብቻ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል። አናቱን ቆርጦ እንደገና መትከል እንደሚቻል ሰምቻለሁ። መቼና ከየት ላይ መቁረጥ እንዳለብኝ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ የሚሰጠው መቼ እንደሆነ፣ የሚቀረውን ጉቶ ምን እንደማደርገው፣ ኤኦኒየሙም በዚሁ መንገድ ይያዝ እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አትክልተኛው፦
ጤና ይስጥልኝ። ግንዱ የተመዘዘው ብርሃን ስላነሰው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሲውል፣ በተለይ ጣሪያ ባለው በረንዳ ውስጥ ያለ ተክል ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል። አንድ ጊዜ የተመዘዘ ግንድ ፀሐይ ላይ ቢወጣም ተመልሶ አያጥርም፤ ስለዚህ መቁረጡ ተገቢ ነው። ሆኖም ማስቀመጫውን ወደ በረንዳው ጠርዝ ሳያወጡ ቢቆርጡ አዲሱም አናት በሚመጣው ክረምት ያንኑ ይደግመዋል።

ጊዜው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ቢሆን ይመረጣል። አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል። ለሥራው ከሱቅ የሚገዛ አዲስ ምላጭ በቂ ነው፤ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። ከአናቱ ሥር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ግንድ አስቀርተው ይቁረጡ። ቅጠሉ ተጣብቆ ለምላጭ ቦታ ከሌለው፣ ስስ የናይለን ክር በቅጠሎቹ መሐል በግንዱ ዙሪያ ጠምጥመው ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢስቡት ንጹሕ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ የተቆረጠውን ፊት በጥንቃቄ ይመልከቱ። ነጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ መሐሉ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለ ግን ብስባሴው ወደ ላይ ወጥቷልና ንጹሕ ፊት እስኪያገኙ ድረስ፣ በየመሐሉ ምላጩን እየጠረጉ፣ ከፍ እያሉ ይቁረጡ። ይህን ያልፈተሸ ሰው የበሰበሰ አናት ተክሎ ይጠብቃል።

የተቆረጠውን አናት ጥላና ነፋሻ ቦታ ላይ፣ ባዶ ብርጭቆ አፍ ላይ አድርገው ከ3 እስከ 7 ቀን ያቆዩት። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሲያበጅ ደረቅ አፈር ላይ ያስቀምጡትና ሥር እስኪያወጣ ውሃ አይስጡት። ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ ቅጠሉ እስከዚያ ድረስ ትንሽ ቢጨማደድ አያስደንግጥዎ፤ ያጠራቀመውን ውሃ እየተጠቀመ ነው። ሲያነሡት ግንዱን ይያዙ እንጂ ቅጠሉን አይነካኩ፤ ነጩ ዱቄት መሰል ሽፋን ከፀሐይ የሚከላከለው ሰም ነውና ከተጠረገ በዚያው ቅጠል ላይ ተመልሶ አይመጣም።

ጉቶውን እባክዎ አይጣሉት። የቡና ገበሬ ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የኤቼቬሪያም ጉቶ ቅጠል ከነበረበት ቦታ ብዙ ልጆች ያወጣል። ሦስት ወይም አራት ቅጠል ቢቀርለት የተሻለ ነው።

የሰበታዋ፦
የአትክልተኛው ምክር መልካም ነው፤ ስለ አፈሩ ግን ጥቂት ልጨምር፤ ብዙዎቻችን ተክሉን የምናጣው በመቁረጡ ሳይሆን በአፈሩ ይመስለኛል። ኤቼቬሪያ በብዛት የሚገኘው በሜክሲኮ ደጋማ ቦታዎች ነው፤ እዚያም እንደ እኛው ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ሆኖም የሚያድገው ገደልና ዓለት ላይ በመሆኑ ውሃው ወዲያው ፈስሶ ይሄዳል። በገዛነው ጥቁር አፈር ላይ ስንተክለው ግን ሥሩ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሹን ሻካራ አሸዋና ቀላል፣ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያድርጉት፤ የማስቀመጫው ሥር መበሳቱንም ያረጋግጡ። በቁስሉ ላይ ቀረፋ ወይም አመድ መነስነስ የሚያዘወትሩ አሉ፤ በጥቅምት አየር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አዲስ የተተከለውን አናት በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ አያጋልጡት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ የተቃጠለ ቅጠልም ጠባሳው አይጠፋም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጠዋት ፀሐይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያለማምዱት።

ደጋ ተክል፦
ስለ ኤኦኒየሙ እኔ ልመልስ። የዚህ ወገን አብዛኛው ዝርያ የካናሪ ደሴቶች ተወላጅ ቢሆንም፣ ኤኦኒየም ሌውኮብሌፋረም የተባለው በእኛ ደጋ ዓለታማ ቦታዎች ላይ በዱር ይበቅላል። ቁረጣው ከኤቼቬሪያ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ግንድ ቢያስቀሩለት በደንብ ይቆማል። ኤቼቬሪያ ከአንዲት ቅጠል ሊራባ ሲችል፣ የኤኦኒየም ቅጠል ግን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል፤ ስለዚህ የረገፈውን ቅጠል ለመትከል አይድከሙ።

ሌላው ልዩነት በአበባው ላይ ነው። የኤቼቬሪያ አበባ ከጎን ስለሚወጣ ዘንጉን ቢቆርጡት ተክሉ ይቀጥላል። ኤኦኒየም ግን የሚያብበው ከአናቱ መሐል ነው፤ ያበበው አናት ዘር ሰጥቶ ይሞታል። ሌሎች ቅርንጫፎች ካሉት እነርሱ ይተርፋሉ፤ አበባውን ቀድሞ መቁረጥም ያንኑ አናት ያድነዋል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጉቶው ልጆች ሲያወጣ መቼ ነው የምለያቸው? ውሃስ እንደ በፊቱ ላጠጣው?

አትክልተኛው፦
ውሃውን ይቀንሱ። ቅጠል የሌለው ጉቶ የሚያተነው ውሃ ጥቂት ስለሆነ፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ በጥቂቱ ያጠጡት። ልጆቹ ከሳምንታት በኋላ ይታያሉ፤ የእናታቸውን ሲሶ ያህል ሳያክሉ ባይለዩዋቸው ይመረጣል። አንድ ቦታ ላይ ተጨናንቀው ከወጡ ደካሞቹን ቀድመው ያንሡ። የደረቁትን የታች ቅጠሎችም ወደ ጎን እየሳቡ ያስወግዱ፤ ጥጥ የመሰለው ነጭ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ካገኙት በአልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ ይንኩት። ማዳበሪያው አዲስ ቅጠል እስኪታይ ይቆይ።