የሠራተኛውን የባቡር ሽርሽር ማን ሰጠው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሠራተኛ በባቡር ለመዝናናት የበቃው በበጎ ሰዎች ቸርነት ነው ወይስ በራሱ ጥረት?

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦
ቸርነቱ ሊካድ አይገባም። በኋላ በጉዞ አዘጋጅነቱ የታወቀው ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን በአንድ ሺሊንግ ከሌስተር ወደ ላፍበራ፣ መጠጥን ለሚቃወም ስብሰባ ይዞ የሄደው፣ ድሃው ከመጠጥ ቤት የተሻለ መዝናኛ እንዲያገኝ ከልቡ ስለተመኘ ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦
ወንድሜ፣ የኩክን ቅንነት አልጠራጠርም፤ በተለምዶ የባቡር ሽርሽር ቀዳሚ እርሱ ነበር የሚባለውን ግን አልቀበልም። የሌስተርና የኖቲንግሃም የሠራተኞች መማሪያ ማኅበራት አባላት ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድመው፣ በ1840፣ በባቡር እየሄዱ አንዱ የሌላውን ከተማ ጎብኝተዋል። ደግሞስ የባቡር ኩባንያዎች ለድሃው ምን አዘጋጁለት? ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳው አጭር የሆነ ፉርጎ! በ1841 የገና ዋዜማ፣ ሶኒንግ በተባለው ስፍራ ባቡሩ ከተናደ አፈር ጋር ሲጋጭ፣ እንዲህ ባለ ፉርጎ ከተሳፈሩት 8 ሰዎች ወዲያው ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ አዲሱን የፓርላማ ሕንፃ ሲገነቡ ከርመው ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ግንበኞች ነበሩ። በየመስመሩ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ፣ በየጣቢያው የሚቆምና የተከደነ ባቡር ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ በማይበልጥ ዋጋ እንዲኖር ኩባንያዎቹ የተገደዱት በ1844 በወጣው ሕግ ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ፦
ያ ሕግ ግን የወጣው ለመደበኛ ጉዞ እንጂ ለሽርሽር አይደለም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦
እርማትዎን እቀበላለሁ፤ ዋናው ማስረጃዬም በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የጥጥ ፋብሪካዎች አገር ላንክሻየር ነው። የጥጥ ፋብሪካዎቹ በበጋ ለአንድ ሳምንት ሲዘጉ ሠራተኛው ደመወዝ አያገኝም ነበር፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ፔኒ በፔኒ ለጋራ ማኅበር እያስቀመጠ (ዕጣ የሌለው ዕቁብ ልንለው እንችላለን) በዚያው ገንዘብ ከነቤተሰቡ በባቡር ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ብላክፑል ይወርድ ነበር። እዚያም የአልጋ ኪራይ ይከፍላል እንጂ ምግቡን የሚገዛው ራሱ ነው፤ የቤቱ ባለቤት የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሥጋና ድንች ለይታ ታበስላለች፤ አንዳንዷም ለጨውና ለቁንዶ በርበሬ ጭምር ታስከፍላለች። በሕግ የታወቀ ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት የመጣው በ1938 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከፋዩ ሠራተኛው ነበር።

ሦስተኛው ተከራካሪ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሚስቶቹ ግን አይዘንጉ። ባሕር ዳርቻ ደርሳም ጠዋት ጠዋት ዘንቢል አንጠልጥላ ገበያ የምትወጣው፣ ያ የተቆጠበው ገንዘብ እስከ ቅዳሜ እንዲበቃ የምታሰላው እናትየው ነበረች።