ክርክር፦ የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ጫጩት በጥቅምት ይከፋፈል ወይስ እስከ መጋቢት ይቆይ? (ጅማና አካባቢው)

አወያይ
የዚህ ሳምንት ጥያቄ፦ በመንግሥት በጀት የሚገዛ የዓሣ ጫጩት ለአርሶ አደሩ ኩሬ መቼ ይድረስ? ዝናቡ ሲያባራና ኩሬው ሞልቶ ሳለ በጥቅምት ይግባ የሚሉ አሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ይፈጀዋል፣ የሕዝብ ገንዘብ ውሃ ይበላዋል የሚሉም አሉ። ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ቀይ አፈር
እኔ በጥቅምት ይግባ ባይ ነኝ። ጅማ ከተማ 1,700 ሜትርን አለፍ ብላ ነው የምትገኘው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ የጣና ተወላጅ ነው። በወሎ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ሆኖ፣ በ1970 ዓ.ም. ግድም የገባበት ቆሮሶ ተራብቶ ዛሬም ይጠመድበታል። እዚሁ ደጃችን በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ አለ፤ አስጋሪው ከመረቡ ቆሮሶ ያወጣበታል። ብርድ የሚፈጀው ቢሆን እነዚህ ሁሉ ባዶ በሆኑ ነበር። ጥቅምት ካለፈ ደግሞ ኩሬው ይጎድላል። ውሃ እያለ ያልገባ ጫጩት መቼ ሊገባ ነው?

ባለ ቴርሞሜትር
ወንድሜ ቀይ አፈር፣ ሐይቅን ከኩሬ ጋር ማወዳደሩ ነው ያሳሳተህ። ሌሊት ውሃው ሙቀት የሚያጣው በላይኛው ገጹ ነው። ገጹ እኩል ከሆነ የሚወጣውም ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ከሥሩ ያለው የውሃ መጠን ነው። 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ በአንድ ሌሊት 2 ዲግሪ ቢወርድ፣ ያው ኩሬ 40 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ቢኖረው 6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ማታ ሁለቱም 22 ቢሆኑ ጎሕ ሲቀድ አንዱ 20፣ ሌላው 16 ላይ ናቸው። ሜትሮች የሚጠልቀው ግድብ ግን የሌሊቱን ብርድ ከነመኖሩም አያውቀው።

የዓሣው ልክ ደግሞ ይታወቃል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 በታች ምግቡን ይቀንሳል፣ 16 ወይም 17 ላይ ከናካቴው ይተዋል፣ ከ10 እስከ 12 ባለው ውስጥ ቀናት ከቆየ ይሞታል። ጅማ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ አየር ከ10 በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ፤ ውሃው ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ብርዱ በቀጥታ አይገድለውም በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን 3 ወር ሙሉ በወጉ ሳይበላና ሳያድግ፣ በሽታ የመቋቋም ኃይሉም ተዳክሞ ይከርማል። የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ ይውጣ ወይ ነው ጥያቄው።

ጊቤ ዳር
መፍትሔ አለው። ከኩሬው አንድ ጥግ 2 በ3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ እስከ 1.8 ሜትር ይቆፈር። ብርድ ሲመጣ ዓሣው እዚያ ይሸሸጋል። ብዙ መመሪያ ላይ «ለክረምት ጥልቅ ስፍራ አዘጋጁ» ይላል።

ባለ ቴርሞሜትር
ኦቦ ጊቤ ዳር፣ ይህ ምክር በረዶ ከሚሠራበት አገር የመጣ ነው። እዚያ ላዩ በረዶ ሲሆን ታቹ 4 ዲግሪ ላይ ይቀራል፤ ዓሣው ጉድጓድ ቢገባ ያተርፋል። የእኛ ውሃ ከ15 እስከ 25 ባለው ውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው። በዚህ መጠን ቀዝቃዛው ውሃ ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል። ሌሊት ላዩ ሲበርድ ቀዝቃዛው እየተንሸራተተ የሚጠራቀመው ያ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ኦክስጅንም እዚያ ታች ያንሳል። የሚጠቅመው የኩሬው አማካይ ጥልቀት ነው፦ መግቢያው ላይ 80 ሴንቲ፣ መውጫው ላይ 1.4 ሜትር፣ ወለሉ በአንድ አቅጣጫ ዝቅ እያለ። ጉድጓዱ ለማጥመጃ ይረዳል፤ ከብርድ ግን አያድንም።

ቃሉም ራሱ አሳስቶናል። የፈረንጅ መመሪያ ሲተረጎም የብርዱ ወቅት «ክረምት» ይባላል። የእኛ ክረምት ግን ዝናብና ደመና ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ሰማዩ በጠራበት በበጋው ሌሊት ነው። በሐምሌ ስለ ብርድ የሚጨነቅ፣ በታኅሣሥ ግን ኩሬውን የሚዘነጋ ሰው የዚያን ትርጉም ዋጋ እየከፈለ ነው።

ጊቤ ዳር
የቀዝቃዛው ውሃ ነገር ገብቶኛል፣ ይስተካከል። ኩሬው ጥልቅ ይሁን ያልኩትን ግን አልለቅም።

የማናዋ
ሁላችሁም ስለ ብርድ ስታወሩ በዚያው ወር ከላይ የሚወርደውን ውሃ ረሳችሁት። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። ማና፣ ጎማ፣ ሊሙ፣ የትኛውም ወንዝ ብትሄዱ ከዳር ቡና ማጠቢያ አለ። ቀይ እሸቱ ሲፈለፈል የሚወጣው ዝልግልግ ስኳር የሞላበት ነው። ሲብላላ ይኮመጥጣል፣ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) 4 አካባቢ ይደርሳል፤ ስኳሩን የሚበሉት ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ይህን ውሃ ኩሬ ውስጥ አስገብቶ «ኅዳር ላይ ብርድ ገደለብኝ» ማለት ስህተት ነው።

የሞተውን ዓሣ በማየት መለየት ይቻላል፦

ቡናው ከሆነ ትንሹም ትልቁም በአንድ ቀን ይሞታል። ውሃው ቡናማ ሆኖ የኮመጠጠ ጠላ ዓይነት ሽታ ይኖረዋል፤ መግቢያው ላይ አረፋ ይታያል።

ኦክስጅን ብቻ ካነሰ ማለዳ ላይ ነው፤ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አድርገው ያለከልካሉ። ትልልቁ ቀድሞ ይሞታል፣ አፉ እንደተከፈተ። ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲያልፍ የቀሩት ይረጋጋሉ።

ብርድ ከሆነ ድንገተኛ አይደለም። ዓሣው ከወለሉ ላይ በጎኑ ይተኛል፣ ሲነካ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ከቀናት በኋላ ቅርፊቱ በተላጠበት ቦታ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። በየቀኑ አንድ ሁለት እየሞተ ይቀጥላል።

ቀይ አፈር
እህቴ የማናዋ፣ ይህ ለእኔ ክርክር ድጋፍ ነው። ጥፋቱ የወሩ ሳይሆን የውሃ አያያዙ ነው ማለት ነው።

የማናዋ
በከፊል ብቻ። ኩሬው እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ መግቢያው ከተዘጋ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከወንዙ አለመንካት ይቻላል። ግን የሚጎድለውን አስሉት። 200 ካሬ ሜትር ኩሬ በትነትና በስርገት በቀን 1 ሴንቲ ቢቀንስ 2,000 ሊትር ነው፤ 10 በርሜል። ምንጭ ያለው ሰው ይችለዋል። የምንጭ ውሃ ማለዳ ላይ ከኩሬው ስለሚሞቅ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ኦክስጅኑ ትንሽ ስለሆነ ግን ድንጋይ ላይ እየተፈጠፈጠ ይግባ። ምንጭ የሌለውና ከማጠቢያ በታች ያለ ኩሬ ጫጩት በጥቅምት መቀበል የለበትም።

አምባዛ 7
እኔ የማየው ከገበያው በኩል ነው። በዓቢይ ጾም ዓሣ የሚገዛው ሰው ይበዛል፤ ሁዳዴ የካቲት ላይ ይገባል። በጥቅምት የገባ 10 ግራም ጫጩት ሁዳዴ ሲደርስ 4 ወሩ ነው፤ ሦስቱን ደግሞ በብርድ ቆሞ ያሳለፈው። ሰሃን የሚሞላ ዓሣ አይሆንም። በመጋቢት የገባው ግን የዓመቱን ሞቃት ወራት በልቶ በሚቀጥለው ሁዳዴ 11 ወር ይሞላዋል።

ሌላም አለ። «በብርድ ስለማይራባ ኩሬው አይጨናነቅም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ከ20 ዲግሪ በታች አይራባም፣ እውነት ነው። የካቲት ላይ ውሃው ሲሞቅ ግን ያ የቀጨጨ ዓሣ 30 እና 40 ግራም ሆኖ እንቁላል ይጥላል። ከዚያ በኋላ ኩሬው በጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላል፤ መኖም ቢጨመር የሚያድግ የለም። ወይ ወንድ ብቻ ይምጣ፣ ወይ ከ10 ቆሮሶ ጋር 1 አምባዛ (ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ) ይግባ። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፤ ያለዚያ ኩሬው ውስጥ የተፈለፈለውን ጫጩት ሳይሆን የተገዛውን ዓሣ ይበላዋል።

ቀይ አፈር
የገበያውን እቀበላለሁ። ግን ጫጩቱን የሚገዛው ጽሕፈት ቤት ያለበትን ችግርም እዩ፤ ገንዘቡ ሳይወጣ ከቀረ ተመላሽ ይሆናል።

አምባዛ 7
በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። መጋቢትም በዚያው በጀት ዓመት ውስጥ ነው። በጥቅምት ገንዘቡ ለኖራ፣ ለቁፋሮና ለቱቦ ይውጣ፤ መሬታችን ኮምጣጣ ስለሆነ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ ያስፈልጋል። ጫጩቱ በመጋቢት ይምጣ። ጅማ ደግሞ ዝናቡ መጋቢት ላይ ስለሚጀምር ኩሬው ደርቆ አይጠብቀንም።

ቀይ አፈር
እንግዲህ ከዚህ ላይ አቋሜን ላስተካክል። በጥቅምት ለሁሉም ይከፋፈል አልልም። አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ምንጭ ላለው፣ ከማጠቢያ በላይ ለሚገኝ ኩሬ ግን አይከልከል፤ እንዲህ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ እየተካ ማምረት ይችላል። ከፍ ወዳለው ወደ ዴዶ ደጋ ግን በጥቅምት መላክ ልክ አይደለም።

በጥቅምት ለሚያስገባ የምጠይቀው ይኼን ነው። ጫጩቱ ከ5 ግራም አይነስ፤ 1 ግራም የሆነው ስንቅ የለውም። በካሬ ሜትር 2 ይበቃል፤ ለ200 ካሬ ሜትር 400። ከሰበታ ማዕከል ከመጣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ ከመጫኑ በፊት 1 ቀን ሳይበላ ይዋል፣ ከረጢቱ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን። ሲደርስ በማለዳ አይለቀቅ፤ ኩሬው በጣም የሚበርደው ያኔ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከረጢቱን 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ማንሳፈፍ፣ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ሲያንስ የኩሬውን ውሃ ጥቂት በጥቂት ወደ ከረጢቱ መጨመር፣ ከዚያ ዓሣው ራሱ ይውጣ። የተላጠ ካለ በ10 ሊትር ውሃ 100 ግራም ጨው ለ5 ደቂቃ።

ባለ ቴርሞሜትር
መኖውን ጨምርበት። 400 ዓሣ በአማካይ 30 ግራም ቢሆን 12 ኪሎ ነው። ውሃው 25 ሲሆን 3 በመቶ፣ 360 ግራም ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይበላል። 18 እና 19 ሲሆን 1 በመቶ፣ 120 ግራም፣ እሱም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ከ16 በታች ምንም። ፋንድያውም በብርዱ ወራት በግማሽ ይቀነስ፤ ሳይበሰብስ ወለል ላይ ይከመርና ጥር መጨረሻ ላይ ሲሞቅ ባንዴ ኦክስጅኑን ይወስደዋል።

አወያይ
ለሚቀጥለው ሳምንት ከየኩሬው አንድ ነገር እንፈልጋለን። ቴርሞሜትር በገመድ ታስሮ 30 ሴንቲ ጥልቀት ላይ ይሰቀል፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ይነበብ፣ 10 ቀን። ከአጠገቡ የኩሬው አማካይ ጥልቀትና ከላዩ ማጠቢያ መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። የጠዋቱ ንባብ ከ16 በታች የወረደበትን ኩሬ ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት።