ሥርዓቱን እፈጽማለሁ፣ ልቤ ግን አብሮኝ የለም

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼና እህቶቼ። ጎንደር ነው የምኖረው። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀንም እጾማለሁ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ሳልሳለም አላልፍም። ለከተራ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ታቦት አጅቤ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር እወርዳለሁ። ማታ ለጸሎት ስቆም ግን ከንፈሬ «አቡነ ዘበሰማያት» እያለ ሐሳቤ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይቆጥራል።

አንድ ባልደረባዬ «ልማድ ነው፣ ተወው» ይለኛል። መተው አልፈልግም፤ እወደዋለሁ። የጎደለኝ ጌታን ራሱን ማግኘት ነው። ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን እናገራለሁ፣ ይህን ግን እንዴት ብዬ እንደምጀምርላቸው ጨንቆኛል።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ለአባታችሁ ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው? ከጸሎቱ በኋላ ጌታን በራሴ ቃል ጥቂት ባወራው ይሻለኝ ይሆን?