ዘይት ባስቀየርኩ በአምስተኛው ቀን ሞተሩ ቆመ፣ የጋራዡ ጥፋት መሆኑን በምን ላሳይ?

የአያቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፣ ሞተሯ 1.3 ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለገጣፎ ያለ አንድ ጋራዥ ወስጄ ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርኩ። ዘይቱን ራሴ ነኝ ከማደያ የገዛሁት፣ 4 ሊትር፣ ደረሰኙ አለኝ። ፊልትሮውን ግን እነሱ ናቸው ያመጡት። መካኒኩ ሌላ መኪና ላይ ስለነበር የሠራው ረዳቱ ነው። ገና ልጅ ነው። ቆሜ ሳየው 20 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። የእጁንና የፊልትሮውን 2,300 ብር በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እሁድ ጠዋት መኪናዋ ያደረችበት ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ዘይት አየሁ። ፎቶ አንስቼ ለመካኒኩ በቴሌግራም ላክሁለት። «ሲቀየር የተንጠባጠበ ነው፣ አይዞሽ፣ ይደርቃል» ብሎ በድምፅ መለሰልኝ። አመንኩት። ሰኞና ማክሰኞ ከአያት መገናኛ ሥራ ተመላለስኩ፣ ምንም አልነበረም። ረቡዕ እናቴን ልጠይቅ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ሰንዳፋን አልፌ አለልቱ ልደርስ ስል ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ያለሁበት ቦታ ዳር መቆሚያ ስላልነበረው፣ ከኋላዬም የጭነት መኪና ተጠግቶኝ ስለነበር፣ ቁልቁለቱን ጨርሼ ልቁም ብዬ ምናልባት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጃለሁ። ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አሁን ቁልፍ ሳዞር ንቅንቅ አይልም።

በጎታች መኪና አያት ድረስ ለማስመጣት 9 ሺህ ብር ከፈልኩ። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ጋራዡ ጋ ስደውል መጀመሪያ «ድሮም ሞተርሽ ያረጀ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው «መብራት እያየሽ ለምን ነዳሽ?» ዛሬ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ደውሎ «አምጪያት፣ በነጻ ከፍተን እናይልሻለን» አለኝ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ሳስጠይቅ 240 ሺህ ብር ተባልኩ። ይህን ብር ከየት አመጣለሁ? መኪናዋን የገዛሁት የስድስት ዓመት እቁብ አጠራቅሜ ነው። ልውሰድላቸው ወይስ ይቅር? ጥፋቱ የነሱ መሆኑንስ በምን አሳያለሁ?

24 ዓመት ጋራዥ ውስጥ፦

እህቴ፣ አትውሰጂላቸው። እኔ ነኝ ያለ መካኒክ ቢመጣ እንኳ አሁን አታስከፍቺ።

ማስረጃሽ ያለው መኪናዋ ላይ ነው፣ አሁን እንደቆመችው። አንዴ ፊልትሮው ከተፈታና ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ከታጠበ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም። ሰዎቹ ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን የሠራውን ራሱ ከፍቶ አይቶ «አዎ፣ ጥፋቴ ነው» ያለ ጋራዥ በሥራ ዘመኔ ያጋጠመኝ ጥቂት ነው።

ዘይት ሲቀየር የሚነካው ቦታ ብዙ አይደለም። ከሥር የማፍሰሻው ቡሎን፣ ፊልትሮው፣ ከላይ የመሙያው ክዳን። ዘይቱ በየት እንደወጣ ከታወቀ ጥፋቱም ታወቀ ማለት ነው። ቡሎኑ በደንብ ካልታሰረ በንዝረት እየላላ ይወድቃል፣ ዘይቱም ባንዴ ያልቃል። ያለ ልክ ከታሰረ ደግሞ የኮፓው ጥርስ ይበላል። ሮንዴላው (ከቡሎኑ ጋር የሚገባው ቀለበት) አሮጌ ሆኖ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ መንጠባጠብ ብቻ ነው። አንቺ የጻፍሽውን ሳየው፣ እሁድ ትንሽ ጠብታ፣ ሁለት ቀን ሰላም፣ ከዚያ ረዥም መንገድ ላይ ባንዴ፣ እኔ የምጠረጥረው ፊልትሮውን ነው። የፊልትሮው አፍ ላይ ክብ ጎማ አለ። አሮጌው ሲፈታ ጎማው አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሠሪው በጣቱ ዳብሶ ካላየ አዲሱን በላዩ ላይ ያስረዋል። ሁለት ጎማ ተደራረበ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ቀስ ብለሽ ስትነጂ ሊይዝ ይችላል። ሞተሩ ጉልበት ሲጠየቅና የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን ጎማው ተገፍቶ ይወጣና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ይቀራል። ወጣት ሳለሁ በራሴ እጅ ደርሷል። የሰውየው ሞተር የተሠራው ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው።

አሁን ከዚያ ጋራዥ ጋር ምንም ንክኪ የሌለው፣ ያየውን ጽፎ ለመፈረምና ማኅተም ለማድረግ ፈቃደኛ የሆነ ጋራዥ ፈልጊ። ለለገጣፎዎቹም ቀኑንና ሰዓቱን ቀድመሽ በጽሑፍ ንገሪያቸው፣ መጥተው ይዩ። ቪዲዮው ሳይቋረጥ ይቀረጽ። ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይታይ። ከዚያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይውጣ። ከዚያ ከሥር የረጠበው የቱ ጋ እንደሆነ ይቀረጽ። የቀረው ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይፍሰስና ይለካ፣ ያንቺ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው የሚይዘው። ፊልትሮው መጨረሻ ላይ ይፈታ። ከነጎማው በፌስታል አስረሽ አስቀምጪው፣ አደራ እንዳታጥቢው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ቡሎኑም ፊልትሮውም ደረቅ ሆኖ፣ ዘይቱም ሞልቶ ከተገኘ፣ ነገሩ የዘይት ፓምፑ ወይም ሌላ ነው፣ ያን ጊዜ እነሱን መክሰስ ተገቢ አይደለም። «ያረጀ ሞተር ነው፣ ዘይት ይበላ ነበር» ካሉሽ ደግሞ ዘይት የሚበላ ሞተር በአራት ቀን 3 ሊትር አይጨርስም። ከኋላም ሰማያዊ ጭስ ይታይ ነበር።

ሱሉልታ፦

የጋሼን ምክር ስሚ። እኔን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። የኔን መኪና ጋራዡ ራሱ ጎትቶ ወሰደልኝ፣ እኔም አመሰገንኳቸው። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ሞተሩ ተበትኗል፣ ዕቃው ሁሉ በናፍታ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ፍርድ ቤት ያቀረብኩት ባለሙያ «የታጠበ ዕቃ አይቼ ምንም ማለት አልችልም» አለ። ተረታሁ። እስካሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ያንገበግበኛል።

ቦሌ አራብሳ፦

ኢንሹራንስሽን ጠይቀሻል?

የአያቷ፦

ያለኝ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ወንድሜ።

ጠበቃው፦

የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም ውሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ብልሽትን አይሸፍኑም። ስለዚህ ወደ ጋራዡ እንመለስ።

እዚህ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው መካስ አለበት ይላል። «የሠራው ረዳቱ ነው» ብለው እንዳይሸኙሽ፣ በቁጥር 2130 መሠረት ሠራተኛው ሥራው ላይ ሆኖ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል። ከዚህም ሌላ ከጋራዡ ጋር ውል አለሽ። ወረቀት ስላልተፈረመ ውል የለም ማለት አይደለም፣ እንዲህ ያለው ውል በቃልም ይጸናል። የማስረዳት ሸክሙ ግን የከሳሽ ነው፣ ማለትም ያንቺ።

እህቴ፣ እጅሽ ላይ ያለው ማስረጃ ከምታስቢው በላይ ነው። የቴሌብር መልእክቱ አለ። የማደያው ደረሰኝ አለ። እኔ ግን ከሁሉም የማስበልጠው የእሁዱን ፎቶና የመካኒኩን ድምፅ ነው። በዚያች አጭር መልስ ሰውየው ሥራውን እነሱ መሥራታቸውን አምኗል፣ ዘይት መታየቱን አውቋል፣ «መኪናዋን አምጪያት» ማለት ሲገባው «ይደርቃል» ብሎሻል። ስልክሽን አትቀይሪ፣ ከቴሌግራሙም ምንም አታጥፊ። ሌላ ቦታ ገልብጪው።

ደካማ ጎንሽ ያቺ 1 ኪሎ ሜትር ናት። በቁጥር 2098 ተጎጂው በከፊል ካጠፋ ካሣው ይቀነሳል። አትደብቂው፣ እንዳለ ተናገሪ። ቦታው ድረስ ሄደሽ መቆሚያ እንደሌለው ፎቶ አንሺ፣ አብሮሽ የነበረ ሰው ካለም ምስክር ይሁንሽ።

ምርመራው እንዳለቀ ማስጠንቀቂያ ጻፊ። ምን እንደደረሰ፣ ስንት እንደምትጠይቂ፣ በስንት ቀን እንዲመልሱ። ቅጂው ላይ አስፈርሚያቸው፣ እምቢ ካሉ በሪኮማንዴ ላኪው። የጎታቹን ደረሰኝ አያይዢ፣ ያለ ደረሰኝ የምትጠይቂው ወጪ ይከብድሻል። ከውል ውጪ ለሚቀርብ ክስ በቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ እንዳያሰነብቱሽ።

ሌላው፣ ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው፣ ኦሮሚያ ክልል ማለት ነው። እዚያ የምትከሺ ከሆነ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን የሚጽፍልሽ ሰው ከወዲሁ አዘጋጂ። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ፋይል ከፍቶ «ሥልጣን የለንም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። ሽማግሌ ከላኩም አትግፊ፣ የተስማማችሁት ግን ተጽፎ በምስክር ፊት ይፈረም።

የአያቷ (ከ9 ቀን በኋላ)፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ያላችሁትን አደረግኩ።

ሲኤምሲ አካባቢ ካለ ጋራዥ አንድ ትልቅ ሰው መጡልኝ። ለለገጣፎዎቹ በቴሌግራምም በወረቀትም ነግሬያቸው ነበር፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ረዳቱን ልጅ ላከው። ወንድሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀረጸ። ዘንጉ ላይ ምንም ዘይት የለም። ከሥር ቡሎኑ ደረቅ ነው፣ ከፊልትሮው ጀምሮ ወደ ኋላ ግን ሁሉም በዘይት ተለውሷል። ከኮፓው የወጣው ግማሽ ሊትር እንኳ አልሞላም። ፊልትሮው ሲፈታ፣ ጋሼ እንዳሉት፣ ሁለት ጎማ። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ጠቁሮ የተጨፈለቀ፣ ባንድ ጎኑ ወደ ውጪ ተገፍቶ የወጣ። እኔ ሳየው እግሬ ከዳኝ።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «አሮጌውን ስፈታ ጎማውን አላየሁትም» አለ። ቪዲዮው ላይ አለ። አንጀቴን በላው። ቆሞ ማየት የነበረበት መካኒኩ ነው፣ ብቻውን የተወው እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያውን በሁለተኛው ቀን ሰጠሁ። ባለቤቱ በመጀመሪያ «ግማሽ ግማሽ እንቻል» አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ። አሁን «የተቀመጠ ሞተር አለኝ፣ እኔ ጋ ይገጠምልሽና እንታረቅ» ብሎ ሁለት ሽማግሌ ልኳል። እሁድ እንቀመጣለን። ጋሼ፣ ሞተሩን ልቀበል?

24 ዓመት ጋራዥ ውስጥ፦

ልጄ፣ እንኳን እውነቱ ወጣልሽ። ወረቀት የሌለው ሞተር ግን እንዳትቀበዪ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬሽ ላይ ተጽፏል፣ ሞተሩ ሲለወጥ ሊብሬውም መስተካከል አለበት፣ አለዚያ ቦሎ ስትሄጂም መኪናዋን ስትሸጪም ያስቸግርሻል። ደግሞ ከመለወጥ በፊት ይሄኛው ይከፈትና ይታይ። ክራንኩ (ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዋናው ዘንግ) ያን ያህል ካልተጎዳ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት) ተቀይሮ ሊነሳ ይችላል፣ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል። የሚከፈተውም እዚያው ሲኤምሲ፣ ሁለታችሁም ቆማችሁ እያያችሁ ይሁን። ወጪውን ባለቤቱ እንደሚችል ግን እሁድ ይጻፍ።

የልጁንም ነገር አደራ። ከደሞዙ እንዳይቆረጥ ሽማግሌዎቹ ፊት አንሺው። እኔ ያኔ 14 ወር ነው የተቆረጠብኝ።