ጥቆማ፦ ሳኬ፣ ሸክላ፣ እራትና ኮክቴል በአንድ የኪዮቶ ምሽት

ጥያቄ፦ በታኅሣሥ መጀመሪያ ኪዮቶ 2 ቀን እናርፋለን። ለሳኬ (ከሩዝ ለሚጠመቀው የጃፓን መጠጥ)፣ ለሸክላ፣ ለእራትና ለኮክቴል የሚተርፈን አንድ ምሽት ብቻ ነው። አስጎብኚ ያለው የቡድን ጉብኝት ይሻላል ወይስ ራሳችን መንገዱን ብናወጣ? ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ባለቤቴ ሥጋም ዓሣም አትበላም። የምንመለሰው ወደ ኩዌት ነው፤ ይዘን የምንገባውንም ብትጠቁሙን።

መልስ፦ ገበያ ላይ ያለው ሦስት ዓይነት ነው። ሰብሰብ ያለ ቡድን ይዞ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት የሚያዞር የ3 ሰዓት ጉብኝት፣ ለብቻ የሚቀጠር አስጎብኚ፣ ወይም በራስ በባቡር መሄድ። ለናንተ የምመርጠው የመጨረሻውን ነው። ምክንያቱ ገንዘቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የኪዮቶ ሙዚየሞችና የሸክላ ሱቆች አብዛኞቹ በ17:00 እና በ18:00 መካከል ይዘጋሉ። (የምጽፈው በጃፓን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 16:00 ማለት በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።) ስለዚህ 18:00 ላይ የሚነሳ ጉብኝት ማስታወቂያው ላይ «ሸክላ» ቢልም፣ የሚያሳያችሁ እራት የቀረበበትን ሳህንና ስኒ ነው።

ያም ቢሆን አስጎብኚው ስለ ስኒው ካወቀ ጥሩ ምሽት ይወጣዋል። ማወቁን የምትለዩበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳትከፍሉ ጻፉላቸው፦ «አንዱን ሳኬ በሁለት ዓይነት ስኒና በሁለት ሙቀት ታቀምሱናላችሁ?» አዎ ካሉ ሂዱ። አምስት ዓይነት ሳኬ በአምስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ደርድረው የሚያቀምሱ ከሆነ ግን ያንን ፉሺሚ (በኪዮቶ ደቡብ ያለው የሳኬ ጠማቂዎች ሰፈር) ላይ በራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ጠጅ በብርሌና ጠጅ በውኃ ብርጭቆ አንድ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። አፈ ጠባብ ስኒ ሽታውን ይይዛል፣ አፈ ሰፊው ይበትነዋል። ከንፈሩ ቀጭን የሆነ ሸክላ መጠጡን ምላስ ጫፍ ላይ በቀጭኑ ያወርደዋል፤ ወፍራሙ አፍ ሙሉ ያፈሰዋል። አንዱ ሳኬ ሁለት ሳኬ ይመስላል።

መንገዱ ይህ ነው። 14:00 ላይ በኬይሃን ባቡር ኪዮሚዙ-ጎጆ ጣቢያ ውረዱ። 10 ደቂቃ ያህል በእግር ከሄዳችሁ የሸክላ ሠሪው የካዋይ ካንጂሮ ቤት አለ። በ1937 የተሠራው በራሱ ንድፍ ነው፤ ከ1973 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ሰኞ ይዘጋል። ከቤቱ ጀርባ ተዳፋት ላይ ደረጃ በደረጃ የተሠራው ትልቁ ምድጃ እንዳለ ቆሟል። እሳቱ ከታች ተነድዶ ሙቀቱ ወደ ላይኛዎቹ ክፍሎች ይወጣል፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል ከሌላው የተለየ ቀለም ያወጣል። ካዋይ በዕቃዎቹ ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ እዚያው ቤት ውስጥ ስትዞሩ ምክንያቱን ለራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ጎጆዛካ የሚባለው አቀበት ላይ ያሉትን የኪዮሚዙ-ያኪ (የኪዮቶ ሸክላ) ሱቆች ተመልከቱ። ሸክላ የሚመረጠው ሳይጠጣ ነው፤ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

በዚያው መስመር ወደ ደቡብ ቹሾጂማ ጣቢያ ድረስ ተሳፈሩ፤ ፉሺሚ ደረሳችሁ። የሳኬ ጠማቂው የጌኬይካን ሙዚየም 16:30 ላይ ስለሚዘጋ ከ15:30 ሳታልፉ ግቡ። ጠመቃው የተጀመረው በ1637 ነው፤ የድሮዎቹ የእንጨት በርሜሎችና የጉድጓዱ ውኃ አሁንም አሉ። ውኃውን ቅመሱት። ኮቤ አካባቢ ካለው ከሌላው የሳኬ ቦታ ከናዳ ውኃ ይልቅ ማዕድኑ ያንሳል፤ እርሾው ቀስ ብሎ ስለሚሠራ የፉሺሚ ሳኬ ለስለስ ይላል ይባላል። መውጫው ላይ በትንሽ ስኒ ያቀምሳሉ። የበለጠ ማነጻጸር ከፈለጋችሁ እዚያው ሰፈር ፉሺሚ ሳካጉራ ኮጂ የሚባል አዳራሽ አለ፤ ከደርዘን በላይ የሚሆኑ የሰፈሩን ጠማቂዎች ሳኬ በአንድ ሰሌዳ ደርድሮ ያቀርባል። ለሁለት ሰው አንድ ሰሌዳ ይበቃል። ማታ በፈጣኑ ባቡር ወደ ጊዮን-ሺጆ ተመለሱ፤ ድልድዩን ስትሻገሩ ፖንቶቾ ነው፣ እራቱ እዚያ ነው።

ተጨማሪ፣ ስለ ሳኬው፦ ጠላ የጠመቀ ሰው ሳኬን ቶሎ ይረዳል። ጠላ ላይ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅል ነው። ሳኬ ላይ ይህን የሚሠራው ኮጂ ነው፤ በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ላይ የሚዘራ ሻጋታ። ጥንስሱም ድፍድፉም አለ፤ ጌሾ የለም። ልዩነቱ ድፍድፉ ውስጥ ስኳር መሆኑና አልኮል መሆኑ አንድ ላይ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ሳይጣራ እስከ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ውኃ ተጨምሮበት 15 ወይም 16 ይሆናል።

ጠርሙሱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቶኛው ላይ ነው። ሩዙ ከመጠመቁ በፊት እንደ ገብስ ይፈተጋል። የሚጻፈው ቁጥር ግን ተፈትጎ የወጣው ሳይሆን የቀረው ነው። 60 ካለ 40 በመቶው ተፈትጎ ወጥቷል። ከሳኬ ዓይነቶች ጊንጆ የሚባለው 60 ወይም ከዚያ በታች፣ ዳይጊንጆ 50 ወይም ከዚያ በታች ነው። ጁንማይ ማለት ከሩዝ፣ ከኮጂና ከውኃ በቀር የተጨመረ አልኮል የሌለበት ነው፤ የመፈተጉ ልክ አይገድበውም። ብዙ የተፈተገ ሁሉ ይበልጣል ማለት አይደለም። ከምግብ ጋር፣ በተለይ ከሚሶ (ከተብላላ የአኩሪ አተር ማባያ) እና ከተጠበሰ ነገር ጋር፣ 70 የተጻፈበት ጁንማይ ብዙ ጊዜ ከዳይጊንጆው የተሻለ ይሄዳል፤ ዳይጊንጆው ሽቶው ምግቡን ይጫነዋል።

ቅደም ተከተሉ፦ ሽታ ያለውን ቀዝቃዛ ጊንጆ አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ጁንማይ፣ መጨረሻ ላይ የሞቀውን። ከገለበጣችሁት ጊንጆው ውኃ ይሆንባችኋል። መጠኑን ደግሞ ልብ በሉ። መደበኛው ልክ 1 ጎ ይባላል፣ 180 ሚሊ ሊትር ነው። አልኮሉ ሲሰላ ከአንድ ተኩል ትንሽ (330 ሚሊ ሊትር) ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል፤ ስኒው ትንሽ ስለሆነ ግን አይታወቅም። ከያንዳንዱ ልክ ጋር ያንኑ ያህል ውኃ ጠጡ፤ ሲጠየቅ በነጻ ያመጣሉ።

እርማት፦ ከላይ ስለ ሞቀው ሳኬ የተባለው አንድ ነገር ይጎድለዋል። «ሙቅ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። 40 ዲግሪ አካባቢ ኑሩካን፣ 50 አካባቢ አትሱካን ይባላል። መጀመሪያ ኑሩካን እዘዙ። 50 ሲደርስ የአልኮሉ ትነት አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ሩዙም አይሸትም። ቤት ውስጥ ስታሞቁ ውኃ አፍልታችሁ እሳቱን አጥፉ፤ ቶኩሪውን (አንገተ ቀጭኑን የሳኬ ማሰሮ) ከአፉ ትንሽ አጉድላችሁ ሙሉትና እስከ አንገቱ አጥልቁት፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። ከሥሩ ስትነኩት ሞቅ ብሎ ጣት የማያቃጥል ከሆነ ደርሷል። ማይክሮዌቭ አንገቱን አፍልቶ ሥሩን ቀዝቃዛ ይተወዋል፤ አትጠቀሙ። ናማ የሚባለውን ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (ተሐዋስያኑ በሙቀት ያልተገደሉበት) ሳኬ አታሙቁት፤ ከማቀዝቀዣ ውጭም አታሳድሩት።

ስለ ጾሙ፦ በጃፓን ምግብ ላይ የሚያስቸግረው የሚታየው ሳይሆን የማይታየው ነው። ዳሺ የሚባለው መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምቡ የባሕር አረምና በጭስ ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ ይሠራል፤ አትክልቱ የበሰለው በሱ ነው። «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ ከዓሣው አያድንም። ይህን አሳዩ ወይም አንብቡላቸው፦ «ኒኩ፣ ሳካና፣ ታማጎ፣ ሳካና ኖ ዳሺ ዋ ታቤራሬማሴን»፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ የዓሣ ዳሺም አልበላም ማለት ነው። ወተትና ቅቤን «ግዩኒዩ፣ ባታ» ብላችሁ ጨምሩበት። ይህን ስትደርሱ ሳይሆን ጠረጴዛ ስታስይዙ ተናገሩ፤ ዳሺው ጠዋት ተሠርቶ የዋለ ስለሆነ ማታ ሊለውጡት አይችሉም።

በቡድሂስት ገዳማት ወግ የሚሠራው ሾጂን ርዮሪ ለጿሚ የተፈጠረ ያህል ነው፤ ነገር ግን ገዳማቱ ውስጥ ያሉት ቤቶች የሚያቀርቡት በአብዛኛው ምሳ ነው። ለእራት የቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) ቤት ፈልጉ። ዩባ (የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የሚረጋው ስስ ልባጥ) እና ጎማ-ዶፉ (ከሰሊጥ የሚሠራ) በራሳቸው ጾም ናቸው። ዩዶፉ (ትኩስ ቶፉ) የሚፈላው በኮምቡ ውኃ ነው፤ የሚጠቀስበት መረቅ ግን ብዙ ጊዜ ቦኒቶ አለበት፤ በሱ ፈንታ ንጹሕ አኩሪ አተር ሶስ ጠይቁ። ቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው) ሊጡ ውስጥ እንቁላል ይገባበታል። ለሙስሊም አንባቢም አንድ ቃል፦ ሚሪን (ለማብሰያ የሚሆን ጣፋጭ የሩዝ አልኮል) እና ሳኬ ወጡ ውስጥ ስለሚገቡ፣ የማይጠጣ ሰው የአልኮሉን ነገር ከምግቡም ላይ መጠየቅ አለበት።

ሂሳቡ ላይ ያላዘዛችሁት ነገር ብታዩ አትደንግጡ። ኦቶሺ ይባላል፤ ከመቀመጫው ጋር የሚመጣ ትንሽ ሳህን ነው፣ ብዙ ቦታ ለሰው ከ300 እስከ 500 የን ያስከፍላል። ዓሣ ሊኖርበት ስለሚችል እሱንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጉርሻ አይሰጥም።

ስለ ኮክቴሉ፦ ከ20:30 በኋላ ከ8 ወንበር የማይበልጥ ባንኮኒ ያለው ባር ምረጡ። የመቀመጫ ዋጋ እዚህም አለ፤ በር ላይ ካልተጻፈ ጠይቁ። ሁለት ሁለት ጠጥቶ መነሣት ነውር የለውም፤ የሚጠበቀውም እሱ ነው። የኪዮቶን ጣዕም የምትፈልጉ ከሆነ ኪ ኖ ቢ የሚባለውን የከተማውን ጂን እዘዙ፤ መሠረቱ የሩዝ አልኮል ነው፣ ዩዙ ሎሚ፣ ሳንሾ በርበሬና የኡጂ ሻይ አለበት፣ የሚቀጥነውም በፉሺሚ ውኃ ነው። ስለዚህ ከሰዓት የቀመሳችሁት ውኃ ማታም ብርጭቆው ውስጥ አለ።

ሳኬ ያለበት ኮክቴል ስታዝዙ በጂን የተሠራውን እመክራለሁ፤ 50 ሚሊ ሊትር ጂንና 15 ሚሊ ሊትር ሳኬ፣ የማይነቀነቅ፣ በበረዶ የሚማሰል። ሳኬ ብቻውን 15 በመቶ ስለሆነ ሲነቀነቅ ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ ያጠፋዋል። ሃይቦል (ውስኪ በሶዳ) ካዘዛችሁ ደግሞ ባርማኑን በዓይናችሁ ተከተሉት። በረዶው አረፋ የሌለበት መስታወት የሚመስለው ቀስ ብሎ ስለረጋ ነው። ብርጭቆውን በበረዶ አቀዝቅዞ የቀለጠችውን ጠብታ ያፈስሳል፤ ከዚያ ነው ውስኪው የሚገባው። ሶዳውን በረዶው ላይ ሳይሆን በበረዶውና በብርጭቆው መካከል ያወርደዋል፣ ማንኪያውን አንዴ ብቻ ከሥር ወደ ላይ ያነሣል። ሃይቦል ቤት ውስጥ ጋዙ ጠፍቶ የሚቀርበው እነዚህ ሁለቱ ሲዘለሉ ነው። ልኩ 1 ውስኪ ለ3 ወይም ለ4 ሶዳ።

ይዞ ስለ መመለስ፦ ኩዌት አልኮል ስለማታስገባ ጠርሙሱን ተዉት፤ ስኒ ግዙ። ሱቅ ውስጥ ገልብጡትና መቀመጫውን እዩ፤ ልባጥ (መስታወት መሰሉ ቅብ) ያልነካው የጭቃው ራቁት ክፍል እዚያ ነው፣ ጣት ስታሳልፉበት የማይቧጭር መሆን አለበት፤ ቧጫሪ ከሆነ ጠረጴዛ ይጭራል። በጣት ጥፍር ጠርዙን መታ አድርጉ። ፖርሲሊን ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ሸክላ ድምፁ ደፈን ያለ ነው፤ ከዚህ የወጣ የተሰነጠቀ ድምፅ ከሰማችሁ መልሱት። ለቀዝቃዛ ጊንጆ ስስ ፖርሲሊን፣ ለሞቀ ጁንማይ ልባጥ የሌለው የቢዘን ሸክላ ወይም የሃጊ (ሁለቱም በሸክላቸው የታወቁ የጃፓን ቦታዎች ናቸው)። የሃጊ ስኒ ፈሳሽ ስለሚጠጣ በዓመታት ቀለሙ ይለወጣል፤ ጉድለት አይደለም፣ የሚገዙት ለዚህ ነው። ቡናም ሻይም ይሆናል፤ ኩዌት ላይ ስኒው ሥራ አይፈታም።

ቤት ስትደርሱ አዲሱን ሸክላ ሩዝ በታጠበበት ውኃ ውስጥ ከቀዝቃዛ ጀምራችሁ በዝግታ እስከ 20 ደቂቃ ቀቅሉት፤ እዚያው ውኃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ስታርቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የፈላ ውኃ ውስጥ በድንገት ከከተታችሁት ይሰነጠቃል። ከታጠበ በኋላ ቁም ሳጥን ከመግባቱ በፊት ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ እርጥብ የተቀመጠ ሻጋታ ያወጣል፣ ሽታው አይለቅም። ለፖርሲሊን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ወርቅ የተቀባበት ከሆነ ማይክሮዌቭ አይገባም። ስኒውን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ከውስጡም ካልሲ ሙሉበት።